ክቡር ኦድሙንድ እና የጀሪካኑ ጀርባ

በዓለም ላይ ባለ መንደር ሁሉ፣ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው መስመር ሳያነብ ክዳን የማይከፍት አንድ ሰው አለ። እኛ ሌሎቻችን ዕቃውን ወዝወዝ፣ ሸተት አድርገን «ያው ነው» ብለን ወደ ሥራ እንገባለን። እሱ ግን መነጽሩን ያወጣል፤ መነጽሩን ይጠርጋል፤ ከዚያም ዕቃውን ወደ ብርሃን አዙሮ ቆሞ ይቀራል። የቀረው የመንደር ሰው ለሁለት ይከፈላል፦ በእሱ የሚስቅና ከእሱ የሚደበቅ። እኔ አስላክ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም ሆኜ ኖሬአለሁ።

የእኛው ሰው ኦድሙንድ ይባላል። የፖም እርሻው ከእኔ የቼሪ እርሻ የሚለየው በአንድ የድንጋይ ካብ ነው፤ ሁለታችንም ከሃርዳንገር ፊዮርድ፣ ተራሮች መካከል ከገባው ጠባብ የባሕር ክንድ፣ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ተንጠልጥለን እንኖራለን። ነገሩ የጀመረበት አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ያኔ አባትም እናትም አልነበሩትም፤ ማዶ ባለ ትልቅ እርሻ ተቀጥሮ የመርጫውን ቱቦ ይጎትት ነበር። የዚያ ዘመን የተባይ መድኃኒት እጅግ ብርቱ ነው፤ የሚረጨውም በባዶ እጅና በባዶ ፊት፣ የሸሚዝ እጅጌ ተጠቅልሎ ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነፋሱ ፊቱን አዞረ። ልጁን ከዛፍ ሥር ወድቆ አገኙት፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ እጅ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል።

ሐኪሙ በጀልባ ተሻግሮ መጣና «ምንድን ነው የረጨው?» ብሎ ጠየቀ። አሠሪው «ያ ቡናማ ጣሳ ውስጥ ያለው» አለ። ጣሳው ተፈለገ። የቤቲቱ እመቤት አጥባ አበባ ተክላበታለች። ወረቀቱስ? ለምድጃ ማቀጣጠያ ከተከማቸው ጭራሮ መካከል፣ ግማሹ ተቀዶ ተገኘ። ደግነቱ የተረፈው የታችኛው ግማሽ ነበር፤ በደቃቅ ፊደል የማርከሻው ስም ተጽፎበታል። ሐኪሙ አነበበ፣ መርፌውን ወጋ፣ ልጁም ሦስት ሳምንት ተኝቶ ተነሳ። የተነሳው ግን የወደቀው ኦድሙንድ አልነበረም። የተነሱት ክቡር ኦድሙንድ ነበሩ፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ።

ክቡር ኦድሙንድ የማያነቡት ነገር የለም። የብስኩት ማሸጊያ ያነባሉ፤ የአምፖል ካርቶን ያነባሉ፤ የጀልባ ትኬት ጀርባ ያነባሉ። በሠርጋቸው ዕለት ቄሱ መሐላውን ሲያሰሟቸው «እስቲ ወረቀቱን አንዴ ልየው» አሉ ይባላል። እኔ ሠርጉ ላይ አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ። ሟች ባለቤታቸውም ስትጠየቅ ትስቅ ነበር እንጂ አላስተባበለችም።

አንድ የማይለወጥ ጥያቄ አላቸው፦ «አንብበኸዋል ወይስ አይተኸዋል?» ይህ ጥያቄ ጎልማሳውን እንደ ተማሪ ያስደነግጣል። «አንብቤዋለሁ» ካልክ «እንግዲያው ከውሃ ዳር ስንት ሜትር ራቅ ይላል?» ይሉሃል። «አይቼዋለሁ» ካልክ ዝም ብለው ያዩሃል። ሁለተኛው ይከፋል።

ከተማ ባለው የእርሻ ዕቃ መደብር ውስጥ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ለበጋ ዕረፍት የመጣች አንዲት የበርገን ሴት ለጽጌረዳዋ የሚሆን መርጫ መድኃኒት ይዛ ቆማለች። ክቡርነታቸው ከኋላዋ ተጠጉ።

«አንብበሽዋል ወይስ አይተሽዋል?»

«ለጽጌረዳ ነው። ይኸው፣ ሥዕሉም ጽጌረዳ ነው።»

«የፊተኛው ሥዕል ለመሸጥ ነው። ጀርባውን አዙሪው። እዚህ ጋ ንብ አለች፤ ለጌጥ የተሳለች መሰለሽ? ከሥሯ ምን ይላል?»

ሴትየዋ ዓይኗን አጥብባ አነበበች። «ተክሉ ባበበ ጊዜ አይረጭም ይላል።»

«ያንቺስ ምን ላይ ነው?»

«አብቧል። ግን የተክል ቅማል ወሮታል።»

«ቅማሉን በቧንቧ ውሃ እጠቢው፤ የቀረውን በጣትሽ ጨፍልቂው። ጣትሽ ጀርባዋ ላይ ምንም አልተጻፈባትም።»

ሴትየዋ እየሳቀች ዕቃውን ወደ መደርደሪያው መለሰች። ባለ መደብሩ ራሱን ያዘ። «ኦድሙንድ፣ አንተ እዚህ የምትመላለስ ከሆነ እኔ ሱቄን ብዘጋ ይሻለኛል» አለ።

«ዝጋው። ስትከፍተው ግን ያንን የታችኛውን መደርደሪያ ወደ ላይ አውጣው፤ የልጅ እጅ ይደርስበታል።»

በየጸደዩ ደግሞ እንደ ግብር ሰብሳቢ ጎተራ ለጎተራ ይዞራሉ። የሚሰበስቡት ስሙ የጠፋ፣ ወረቀቱ የተላጠ፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ አሮጌ መድኃኒት ነው። ሁሉንም በፕላስቲክ ሳጥን አሽገው ወደ አደገኛ ቆሻሻ መቀበያው ይወስዱታል። የባዶ ዕቃውንም ጉዳይ አይረሱም፦ ሦስት ጊዜ ታጥቧል ወይ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ጋን ተመልሷል ወይ፣ ዕቃው ዳግም እንዳያገለግል ተበስቷል ወይ? አንድ ጊዜ ከቄሱ ጎተራ ከዓለም ጦርነቱ በፊት የተቀመጠ ግራጫ ዱቄት አወጡ። ቄሱ «እኔ እንኳ ምን እንደሆነ አላውቅም» ቢሏቸው፣ «የማታየውን ማመን ሥራህ ነው፤ የማታውቀውን ማስቀመጥ ግን ክልክል ነው» አሏቸው። ቄሱ በሚቀጥለው እሑድ ይህንኑ ለምእመናን ተናገሩት፤ ሳቁ መዝሙሩን አዘገየው።

የርጭት ፈቃዳችንን በየአሥር ዓመቱ እናድሳለን። ባለፈው ጊዜ ያስተማረችን ወጣት ባለሙያ ነበረች። ክቡርነታቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው በየደቂቃው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በመስማማት ነው፣ እሷ ግን አላወቀችም። ከምሳ በኋላ ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈተናውን ሁላችንም በግማሽ ሰዓት ጨርሰን ስንወጣ እሳቸው የተፈቀደውን ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። መልሱን በሃያ ደቂቃ ጨርሰዋል፤ የቀረውን ጊዜ የፈተናውን ደንብ ሲያነቡ ቆዩ። በአራተኛው ገጽ ላይም ስሕተት አገኙ። ልጅቷ እስካሁን ለገና ካርድ ትልክላቸዋለች።

የሁሉ መሪ ግን ክሩ ነው። በኛ አገር ፀሐይ በወጣ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነፋስ ከፊዮርዱ ይነሳና ሽቅብ ይነፍሳል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ስንረጭ ደግሞ ሁላችንም እንረሳለን። ክቡር ኦድሙንድ ካቡ ላይ ዘንግ አቁመው ቀይ የሱፍ ክር አስረውበታል። ክሩ ከተንቀሳቀሰ ስልኬ ይጮኻል።

«አስላክ፣ ክሩ ተነሳ።»

«ሁለት ረድፍ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ክሩ ረድፍ አይቆጥርም።»

ስልኩን እዘጋዋለሁ። ቀና ስል ጭንብላቸውን አድርገው፣ ጓንታቸውን እስከ ክርናቸው ስበው፣ ካቡ ላይ እንደ ጳጳስ ቆመው ያዩኛል። ሰይጣን እንኳ በዚያ ሁኔታ ሁለት ረድፍ መርጨት አይቻለውም። ሞተሩን አጠፋለሁ።

እንግዲህ ሳቄን የቀማኝን በጋ ልንገራችሁ።

ሁለት ዓመት በተከታታይ ውርጭ አበባችንን በልቶት ነበር። ከባለቤቴ ከጉሪ ጋር ተማከርን፤ ሦስተኛው ዓመት ከከሸፈ የቼሪ ዛፎቹን ቆርጠን መሬቱን ለግጦሽ ልንለቀው ተስማማን። አባቴ የተከላቸው ዛፎች ናቸው። ደግነቱ ያ ዓመት አማረበት፤ ቅርንጫፉ ከፍሬው ብዛት ጎበጠ። ለቀማ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በዛፎቹ ላይ ለዝንብ ማጥመጃ ካንጠለጠልኳቸው የኮምጣጤ ኩባያዎች በአንዱ ውስጥ ዝንቢቱን አየኋት። ከጥቂት ዓመት ወዲህ የመጣችብን፣ የሚበስለውን ፍሬ ቀድዳ ውስጡ እንቁላል የምትጥል ትንሽ ዝንብ ናት። በማግስቱ በየኩባያው አገኘኋት። አንድ ትል በአንድ ቼሪ ውስጥ ከተገኘ ፍሬያችንን የሚረከበን ማሸጊያ ቤት ጭነቱን ሁሉ ይመልሳል።

የተፈቀደልንን መድኃኒት አስቀድሜ ሁለት ጊዜ ረጭቼዋለሁ። ያኔ የጉሪ ወንድም ኤንድሬ ደረሰልኝ፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከደቡብ ሲመለስ ነጭ ጀሪካን ይዞልኝ መጣ።

«ጀርመኖች የሚጠቀሙበት ነው። ከዚህ በኋላ ዝንብ ሳይሆን የዝንብ ወሬም አትሰማም» አለኝ።

«መጠኑስ?»

«ጀርባው ላይ አለልህ፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር።»

ጀርባውን አየሁት። ሰባት መቶ ሃምሳ ይላል። በኛ የመሬት መለኪያ አራት ዴካር ቼሪ አለኝ፤ ሦስት ሊትር መሆኑ ነው። ጠዋት ጋኑን ውሃ ሞላሁ፤ ሦስቱን ሊትር በመስፈሪያው ጆግ ቀዳሁና ላፈስሰው ስል ከካቡ ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«አስላክ፣ ሁለት ጊዜ ረጭተሃል።»

«ማን ነገረህ?»

«መዝገቤ።»

«የኔን ርጭት አንተ ትመዘግባለህ?»

«ለካቡ ቅርብ ነህ፤ እጽፈዋለሁ። ከሁለት በላይ አይፈቀድም።»

«እሱ ያኛው ነው። ይኼ ሌላ ነው።»

«አንብበኸዋል ወይስ አይተኸዋል?»

«በጀርመንኛ ነው የተጻፈው።»

«እንግዲያው አላየኸውምም ማለት ነው። ጆጉን አስቀምጠው።»

ክቡር ኦድሙንድ በሰባ አራት ዓመታቸው ካቡን ተሻገሩ። ጓንት አጠለቁ። ከዚያም የኔን እጅ አዩ፤ ያደረግኩት ጉሪ የሠራችልኝን የሱፍ ጓንት ነበር። ከኪሳቸው ትርፍ የጎማ ጓንት አውጥተው ሰጡኝ። በኪሱ ትርፍ ጓንት ይዞ የሚዞረው ምን ዓይነት ሰው ቢሆን ነው እያልኩ አጠለቅኩት። ወደ ቤታቸው ተመልሰው የትምህርት ቤት ዘመን የጀርመንኛ መዝገበ ቃላትና ማጉያ መነጽር አመጡ። ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ቃል በቃል ማንበብ ጀመሩ። እኔ እዚያ ቆሜ ዝንቦቹ እንቁላል ሲጥሉ የሰማኋቸው መሰለኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀና አሉ። «ስንት ቀዳህ?»

«ሦስት ሊትር። ለዴካር ሰባት መቶ ሃምሳ፣ በአራት ዴካር።»

«ለዴካር አይልም። ለሄክታር ነው የሚለው።»

እኛ መሬት ስንለካ በዴካር ነው፤ የእኛ መድኃኒት ሁሉ ጀርባው ላይ በዴካር ነው የሚጻፈው። አሥር ዴካር አንድ ሄክታር ነው። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት።

«አሥር እጥፍ ነው» አልኩ።

«አሥር እጥፍ። ያውም በሚገባበት ቦታ ቢሆን ነው። የሚገባው ለድንችና ለስንዴ ነው፤ ዛፍ የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ፈልጌ አጣሁ። ከርጭት እስከ ለቀማ ሃያ ስምንት ቀን ይቆያል። አንተ በአሥራ ሁለት ቀን ትለቅማለህ። የአገራችን የፈቃድ ቁጥርም የለበትም፤ ስለዚህ ለማንም፣ በምንም ላይ፣ በጠብታም ቢሆን አይፈቀድም።»

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ሌላ ነው።

«ያንተ ፖም ነው። ዝንቧ ፖምህን አትነካውም። በሰው መከራ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ቀላል ነው፣ ኦድሙንድ። እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ዛፎቼን የሚያተርፍ መስመር አለ?»

«የለም» አሉ።

«እንግዲያው ሂድልኝ።»

አልሄዱም፤ መጀመሪያ የጆጉን መድኃኒት ወደራሱ ጀሪካን እንድመልስ፣ ጆጉን ሦስት ጊዜ እንዳጥብ፣ እጣቢውንም ቦዩ ውስጥ ሳልደፋ እሳቸው ባመጡት ክዳን ባለው ዕቃ እንዳጠራቅም ቆመው አዩ። ከዚያ ጀሪካኑንና እጣቢውን ይዘው ካቡን ተሻገሩ። ወደ ባለሥልጣን ሊደውሉ ነው ብዬ ለጉሪ ነገርኳት። ጉሪ ድንች እየላጠች «ቢደውል ይበጅህ ነበር» አለች እንጂ አላጽናናችኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ወተት ሳልጠጣ፣ መስኮት ላይ ቆሜ ከዛፎቼ ሥር አንድ ሰው ጎንበስ ቀና ሲል አየሁ። ከዚህ በኋላ አንቱታውን ልተወው፤ ተንበርክኮ የወደቀ ቼሪ ሲለቅምልኝ ያየሁትን ሰው አንቱ ማለት ያርቅብኛል።

ወጣሁ። ኦድሙንድ ክዳን ያላቸው ሁለት ባልዲዎች ይዟል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ወረቀቱ ላይ የለም ስላልኩህ ሌላ ወረቀት ፈለግኩ። የግብርና ምክር ጣቢያው በራሪ ጽሑፍ ነው። የወደቀውን፣ የተሰነጠቀውን፣ ከልክ በላይ የበሰለውን በየቀኑ እየለቀሙ በክዳን ማፈን፤ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስሮ ፀሐይ ላይ መተው። ዝንቧ የምትራባው በእሱ ላይ ነው። እዚህ ጋ፣ አራተኛው መስመር።»

«አራት ዴካር በእጅ?»

«እጅ ላይ የመጠን ገደብ የለም። ባልዲ ያዝ።»

ለአሥራ አንድ ቀን በየጠዋቱ ለቀምን፤ ኦድሙንድ፣ ጉሪና እኔ። ጉልበቱ መታጠፍ እንቢ ሲለው ቁጭ ብሎ እየተንሸራተተ ከዛፍ ወደ ዛፍ ይሄድ ነበር። ሱሪው ከኋላው የቼሪ ቀለም ያዘ፤ ጉሪ «ሱሪህን የሠርግ ልብስ ያስመሰልከው ለማን ነው?» እያለች ትስቅበታለች። ያመለጠችኝን አንዲት ፍሬ ካየ ይጠራኛል፤ ተመልሼ እንድለቅማት ያደርገኛል። የራሱ ፖም ዛፎች በዚያ ሰሞን ከፍሬያቸው ሊቀነስላቸው ይገባ ነበር፤ ካልተቀነሰ ፖሞቹ ትንንሽ ሆነው ይቀራሉ። ስጠይቀው «ትንሽ ፖምም ፖም ነው» አለኝ።

በለቀማው ቀን የመጀመሪያውን ጭነት ማሸጊያ ቤት አደረስኩ። ኦድሙንድ አብሮኝ መጣ። መርማሪዋ ከየሳጥኑ እፍኝ እፍኝ ወስዳ ፍሬዎቹን ጫን ጫን አደረገችና የጨው ውሃ ውስጥ ነከረች፤ ትል ካለ ወጥቶ ይንሳፈፋል። ሩብ ሰዓት ቆመን ጎድጓዳውን ሳህን አየን። በዕድሜዬ እንደዚያ አትኩሬ ያየሁት ውሃ የለም። መርማሪዋ ውሃውን ደፋችና ሌላ እፍኝ ነከረች። እንደገና ሩብ ሰዓት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን መታች።

«ንጹሕ ነው። ሳጥኖቹን አውርዱ» አለች። ለመድኃኒት ቅሪት የተወሰደው ናሙናም በሳምንቱ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ። ከምርቱ አራተኛውን እጅ በባልዲ አፍነን ጥለነዋል፤ ሦስቱ እጅ ለገበያ ደረሰ። ዛፎቹ አልተቆረጡም።

ለቀማው ያለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ካቡ ላይ ቁጭ ብለን፣ እኔ በኔ በኩል እሱ በሱ በኩል፣ ለሳጥን ያልበቃውን ቼሪ እንበላለን። ያ የጀሪካኑ ቀን ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

«ያን ዕለት ረጭቼው ቢሆን ኖሮ ታመለክትብኝ ነበር?» አልኩት።

«አዎ።»

«እኔን? ሠላሳ ዓመት ጎረቤትህን?»

«በማግስቱ ጠዋት እደውል ነበር። ስልኩን ዘግቼ ደግሞ ልረዳህ እመጣ ነበር። የረጨኸውን ፍሬ የሚያስወግድልህ ሰው ያስፈልግህ ነበር።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። የቼሪውን ዘር ተፍቶ እጁን በመሐረብ ጠረገ፤ ወደ ፊዮርዱ እያየ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ሲናገር ያልሰማሁትን ተናገረ።

«አንተ ደንብ የምወድ ይመስልሃል። ደንብ አልወድም፣ አስላክ። እነዚያን ደቃቅ መስመሮች የጻፈው ሰው አንተን አያውቅህም። የሆነ ቢሮ ተቀምጦ ስለ እጅህ አስቧል፤ ስለ ሳንባህ፣ ስለምትጠጣው ውሃ፣ ቼሪህን ስለምትበላው ልጅ አስቧል። ፊትህን አይቶት አያውቅም። እኔ ግን በየቀኑ አየዋለሁ። የማያውቅህ ሰው ይህን ያህል ካሰበልህ፣ አጠገብህ የምኖረው እኔ ዝም ልል ነው? በዕድሜዬ ብዙ አንብቤአለሁ። ከሁሉ የበለጠብኝ ይኼ ነው፤ ሰው አይቶት ለማያውቀው ሰው ማሰብ ይችላል።»